የሐጅያ ሩቂያ ጥያቄ

ሐጅያ ሩቂያ መሞታቸውን የነገረኝ ከሸዋ ሮቢት ማሽላ ጭኖ ወደ ደብረ ሲና የወጣ ሾፌር ነው። ገበያው ዳር መኪናውን አቁሞ፣ «አስካለ የምትባል ሴት እዚህ አለች? የሮቢቷ ሐጅያ ትናንት ተቀብረዋል፤ ንገርልን ብለውኛል» እያለ ሲጠይቅ እኔው ራሴ ደረስኩ። መርዶ እንዲህ በገበያ መሐል አይነገርም፤ ልጁ ግን ምን ያውቃል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ቤቱን ለልጄ አደራ ብዬ፣ በዚያው መኪና ቁልቁል ወረድኩ።

መንገድ ላይ ሾፌሩ «ዘመድዎ ናቸው?» አለኝ።

«አይደሉም።»

አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ አየት አደረገና «ሃይማኖታችሁም አንድ አይመስለኝ። ታዲያ ምንዎ ናቸው?» አለ።

«መምህሬ ናቸው።»

«ቁርአን ነበር የሚያስተምሩት?»

«ኧረ ፊደል አይቆጥሩም ነበር» አልኩት። የዐረብ አገሮችን ታሪክ ነው ያስተማሩኝ ብዬ ብነግረው የሚያምነኝ ስላልመሰለኝ ወሬውን እዚያ ላይ ተውኩት።

ጣሊያን በገባ በዓመቱ ባለቤቴ ተሰማ ጫካ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ቤታችን ተቃጠለ። ያን ቀን ገበያ ወጥቼ ስለነበር ተረፍኩ፤ ግን እየፈለጉኝ ነበር። የአባቴ የንግድ ወዳጅ የነበሩ የይፋት ሰው፣ ጋሼ ሰይድ፣ እንደ ሙስሊም ሴት አከናንበው ከጨው ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ወደ ቆላ አወረዱኝ። እስከዚያ ድረስ ቆላ ማለት ለእኔ ወባ ማለት ነበር። ሙስሊም ቤትም አድሬ አላውቅም።

ጋሼ ሰይድ የወሰዱኝ ሐጅያ ሩቂያ ዘንድ ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። በራፋቸው ላይ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ማን እንዳሳደደኝ፣ ባሌ የት እንዳለ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ደብረ ሲና ላይ ሴት ልጅ ፊደል ትቆጥራለች?» አሉኝ።

«አንዳንዷ ትቆጥራለች። እኔን አባቴ አስተምሮኛል።»

«ለምን አስተማረሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ትንሽ አሰብኩና «ወንድ ልጅ ስላልወለደ መሰለኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። «እውነቱን ነው የነገርሽኝ። ግቢ።»

በማግስቱ አዲስ ድስትና ቢላ ገዝተው መጡ። «ይሄ የአንቺ ነው። የእኛን ሥጋ አትበዪም፤ የእናንተን አንበላም። ማሽላው ግን የሁላችንም ነው» አሉኝ። ጾሜን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያስታውሱ ነበር። ወተት ላነሳ ስል «ዛሬ ዓርብ ነው» ይሉኛል። ለሰፈሩ ዘይነብ የምባል የእህታቸው ልጅ መሆኔን አስታወቁ፤ ማዕተቤን በሻሽ ሸፈንኩ። የእህታቸው ልጅ አለመሆኔን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። የተናገረም አልነበረም።

ሐጅያ ገና ልጅ እግር ሳሉ ከባላቸው ጋር በአፋር በረሃ አድርገው፣ ከታጁራ ወደብ በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው መካ ገብተዋል። ሐጁን እንደፈጸሙ ባላቸው በትኩሳት ሞቱ። መመለሻ ስንቅ ስላልነበራቸው ለሐጅ የመጣ አንድ የምስር ቤተሰብ አገልጋይ አድርጎ ካይሮ ወሰዳቸው። እዚያም ብዙ ዓመት ኖሩ።

የቤቱ ጌታ መምህር ነበር። ከራት በኋላ ከልጆቹ ጋር ይከራከራል፤ ሐጅያ ደግሞ ጥግ ይዘው ልብስ እየተኮሱ ይሰማሉ። ክርክሩ ሁልጊዜ የሚመለሰው ወደ አንድ ነገር ነበር፤ ያ ሁሉ የሙስሊም አገር፣ አንድ ጊዜ ለሌላው መብራት የነበረው፣ እንዴት በፈረንጅ እጅ ወደቀ? አባት «ሃይማኖታችንን ስለተውን ነው» ይላል። ወንድ ልጁ «ፈረንጅ መድፍ ስላለው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም» ይላል። ትልቋ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት የምትሄድ ነበረች፤ «ግማሹን ሕዝብ ቤት ዘግታችሁበት፣ በግማሹ እንዴት ትቆማላችሁ?» ትላለች።

«ማን ረታ?» ብዬ ጠየቅኳቸው፣ መጀመሪያ ያወሩኝ ቀን።

«ማንም አልረታ። ሁሉም እየተቆጣ ይተኛል። እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት» አሉኝ። «ሁሉም ያዩት የራሳቸውን አገር ብቻ ነው። የሌላውን አገር ሰው ሳይጠይቁ እንዴት ይታወቃል?»

በዚያ ከተማ ባቡር አይተዋል፤ ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ጋዜጣ ሲያነብ ሌላው ከቦ ሲሰማ አይተዋል። ሴቶች ፊታቸውን ገልጠው በአደባባይ ሲሄዱ፣ አንዱ ሲሰድባቸው ሌላው ሲያጨበጭብላቸው አይተዋል። ይፋት ተመልሰው ይህን ሲያወሩ ግን የሚጠየቁት ሌላ ነበር። «መካ መሬቱ ብር ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ይሏቸዋል።

«መሬት ነው» ይላሉ ሐጅያ። «ዝንብም አለው።»

አንዳንዱ በዚህ ይቀየማቸው ነበር።

እኔ በደረስኩበት ጊዜ ጣሊያን ከደብረ ሲና ቁልቁል መንገዱን እየቆፈረ ነበር። ሐጅያም መንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ሻይ ቤት ከፈቱ። ሻይ ቤት ልበለው እንጂ ዳስ ነው። ዐረቦቹ የሚወዱትን የቡና ገለባ ከዝንጅብል ጋር አፍልተው ይሸጣሉ፤ እኔ እቀዳለሁ። ከየመን የመጡ ግንበኞችና ድንጋይ ፈላጮች፣ ጣሊያን ከትሪፖሊ፣ ከሊቢያ ያመጣቸው ወታደሮች፣ ከምጽዋ የመጡ ሾፌሮች፣ ሁሉም እዚያ ያርፋሉ። ዕድሜያቸው የገፋ ባልቴት ስለነበሩ ከወንድ ጋር ሲያወሩ ማንም አይነቅፋቸውም።

ሰው ሲቀመጥ ሻዩን አቅርበው፣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ይጀምራሉ። በአያትህ ጊዜ አገራችሁን ማን ይገዛ ነበር? ዛሬስ? ሴት ልጅህ ምን ትማራለች? ፈረንጅ ሲመጣ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ? ሰውየው ሲያቆም «ከዚያስ?» ይላሉ። በዐረብኛ የሰሙትን ወዲያው ወደ አማርኛ መልሰው ለእኔ ይነግሩኛል። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብዬ እሰማ ነበር፤ ኋላ እኔም «ይሄንን ጠይቁልኝ» ማለት ጀመርኩ። ጥያቄዬ ጥሩ ሲሆን ፊታቸው ይፈካል፤ የማይረባ ሲሆን ሳይተረጉሙት ሻይ ይቀዳሉ።

ከሁሉ ደንበኞች ሷሊሕ የሚባለውን የየመን ግንበኛ ይበልጥ ይወዱ ነበር። ወሬ ያውቃል። የሰንዓ ከተማ በር ማታ ማታ በቁልፍ እንደሚዘጋ፣ ኢማሙ ፈረንጅ አገራቸውን እንዳይረግጥ እንደሚከለክሉ በኩራት ነገራቸው።

«ትምህርት ቤትስ?» አሉት ሐጅያ።

«ቁርአን ቤት አለ።»

«ሐኪም ቤት?»

«አላህ ያሽራል።»

«እንግዲህ እናንተን ፈረንጅ አልገዛችሁም» አሉት ረጋ ብለው። «ታዲያ ለፈረንጅ መንገድ ልትቆፍሩ ባሕር የተሻገራችሁት ለምንድነው?»

ሷሊሕ ፊቱ ተለዋወጠ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ሄደ። «አስቀየሙት» አልኳቸው።

«ላስቀይመው ብዬ አይደለም። ያ የምስሩ ልጅ መድፍ ነው የጣለን ይል ነበር። ይኸው መድፍ ያልነካው አገር ሰው በረሃብ ተሰደደ። አልገባኝም እኮ፣ አስካለ።»

ሷሊሕ ሁለተኛ አይመጣም ስል ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ። «አስቤበት ነበር» አላቸው። «በሩ ሲዘጋ ሌባው ብቻ አይደለም ውጭ የሚቀረው።» ሐጅያ ይህችን አባባል ወደዷት፤ ለስንት ሰው ደግመው ነገሯት።

የትሪፖሊው ወታደር አብዱሰላም ግን ወሬ አይወድም። ገና ጎልማሳ ሳለ ፀጉሩ ሸብቷል። ከመቀመጫው ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለሾላው ሰጥቶ ይጠጣል። ሐጅያም ጊዜ ሰጡት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ ደንበኛ በሌለበት፣ ሳይጠየቅ ጀመረ። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር።

«አያቴ በቱርክ ጊዜ ግመል ያረባ ነበር። አባቴም ግመል ያረባ ነበር። ጣሊያኖች መጡ፤ ተዋጋናቸው። እኛን መጣል ሲያቅታቸው ሴቱን፣ ሽማግሌውን፣ ሕፃኑን ነድተው በረሃ ላይ በሽቦ አጠሩት። ግመሎቹ አለቁ። ከዚያ ሰው ማለቅ ጀመረ። እናቴ እዚያ ቀረች።»

ሐጅያ እያንዳንዷን ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ ለእኔ መለሱልኝ። እንደ ወትሮው «ከዚያስ?» አላሉም። ጠበቁ።

«ከዚያ ልብሳቸውን ለበስኩ» አለ አብዱሰላም። «ግመል የሌለው ሰው ምን ይበላል? አሁን የእናንተን ቤት ሳቃጥል እውላለሁ።»

እኔ ቤቴ የተቃጠለብኝ ሴት፣ የሱን ሻይ ይዤ ቆሜአለሁ። ልጠላው ፈልጌ ነበር። ሐጅያ አዩኝና «ስጪው፣ እየቀዘቀዘ ነው» አሉኝ። ሰጠሁት።

ሲነሳ፣ «እኔ እንደነገርኩሽ ማንም እንዳያውቅ» ብሎ ለመናቸው። «ወላሂ ከእኔ አይወጣም» አሉት።

ያን ጊዜ ጣሊያን «የእስላም ወዳጅ ነኝ» ይል ነበር። ሮቢት ላይ መስጊድ አሠራ፤ የዐረብኛ ትምህርት ቤትም እከፍታለሁ አለ። ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ሊለውም ይገባል፤ ቀድሞ ያን ማን ሰጥቶት ያውቃል? ሐጅያም ይህን አይክዱም። «ሰውን የረሳኸው እንደሆነ ሌላው ያስታውሰዋል» ይሉ ነበር።

መስጊዱ ሊመረቅ ሲል የጣሊያኑ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ሻይ ቤቱ መጣ። አስተርጓሚው የምጽዋ አካባቢ ሙስሊም፣ ጨዋ ሰው ነበር።

«ሐጅያ» አለ፣ የሹሙን ቃል እየመለሰ። «በዚህ አገር መካን ያዩ ሴት እርስዎ ብቻ ነዎት። በገበያ ቀን፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ በዐረብ አገር ያዩትን ይናገሩ። መንግሥታችን የእስላም ወዳጅ መሆኑን ይንገሩ። የሽፍታ ሚስት፣ የሽፍታ እናት የደበቀ ካለም እንዲያወጣ ይምከሩ።»

እኔ አጠገባቸው ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ፊቴን ወደ ውሃው ደፋሁ። ሐጅያ ዞር እንኳ ሳይሉ «ያየሁትን እናገራለሁ» አሉ።

ሹሙ እንደሄደ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «እምቢ ይበሏቸው። አሞኛል ይበሉ። እኔም ከቤትዎ ልውጣ።»

«እምቢ ብል ሌላ ሰው ያናግራሉ። እሱ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ የምለውን ግን አውቃለሁ» አሉኝ።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሕዝቡ ከአዲሱ መስጊድ ፊት ለፊት ተሰበሰበ፤ ከቀወት የወረደው ገበሬ፣ ሽርጥ ያገለደመው ነጋዴ፣ ሴቱም በአንድ ጎን። ሹሙ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነው። ወታደሮቹ በዙሪያው ቆመዋል፤ አብዱሰላምም አለበት። ሐጅያ ነጭ ለብሰው ወጡ። ድምፃቸው ጎላ ያለ አልነበረም፤ ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማቸው።

«መካን አይቻለሁ። መሬቱ ብር አይደለም» አሉ፤ የሳቀ አለ። «ምስርን አይቻለሁ። እዚያ ሕዝቡ እያዋጣ ትምህርት ቤት ሲሠራ አይቻለሁ። እንግሊዝ ይሥራልን ብለው አልጠበቁም። ይሄ መስጊድ መልካም ነው። ድንጋዩን የተሸከሙት የመን ልጆች ናቸው፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው።»

አስተርጓሚው ለሹሙ በጆሮው አንድ ነገር አለው። ሹሙ ራሱን ነቀነቀ።

«ምስር ሳለሁ ከትሪፖሊ የተሰደዱ ሰዎች አገኘሁ» አሉ ቀጥለው። ምስር ሳለሁ ማለታቸው ወሬው ከአብዱሰላም መሆኑ እንዳይታወቅበት እንደሆነ ገባኝ። «እንደኛ የሚሰግዱ፣ እንደኛ የሚጾሙ ናቸው። እነሱም ወዳጃችሁ ነን ተብለው ነበር። ጠየቅኳቸው። ግመላችሁ የት ገባ? አልኳቸው። እናቶቻችሁስ? አልኳቸው። የመለሱልኝን ለመናገር ምላሴ አይችልም። እናንተ ጎረቤታችሁን አሳልፋችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቁ። ያየሁትና የሰማሁት ይሄው ነው።»

አስተርጓሚው ላብ አጥለቅልቆታል። ሹሙ ፊቱን ወደሱ አዞረ። ሁላችንም አስተርጓሚውን እያየን ነበር። ጉሮሮውን ጠራርጎ በጣሊያንኛ ትንሽ ተናገረ፤ ምን እንዳለ ዛሬም አላውቅም። ሹሙ ፈገግ ብሎ ተነሳና አጨበጨበ። ወታደሮቹ ስላጨበጨበ አጨበጨቡ። ሕዝቡ ግን አላጨበጨበም። አንዱ የቀወት ሽማግሌ ቀስ ብለው «አሚን» አሉ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አብዱሰላም መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አይኖርም። ባንዳ መቼም አይጠፋ፣ አንዱ ሄዶ ነገረ። ከእስራቱ ቀድሞ ወሬው ደረሰን፤ ወሬውን ያመጣው ያው አስተርጓሚ ነው ይባላል። ጋሼ ሰይድ እኔን ተራራው ላይ ወዳለ የአርጎባ መንደር ሊወስዱኝ በቅሎ አቀረቡ። ሐጅያን «አብረን እንሂድ» ብዬ ለመንኳቸው።

«እኔን ካጡ ቤት ለቤት ይፈትሻሉ» አሉኝ። «ይሄ ሰፈር በእኔ ምክንያት መፈተሽ የለበትም። ደግሞም እርጅና በበቅሎ አይሮጥም።» ድስቴንና ቢላዬን ጠቅልለው አስያዙኝ።

ወሰዷቸው። ዳሱን አፈረሱት። የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገብተው ስንቅ ያመላልሱ ነበር፤ ያመጡት ሁሉ ይፈተሻል፣ ግማሹን ዘበኞቹ ይበሉታል። ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ማሸት ሲጀምር፣ የአገር ሽማግሌዎችና ቃዲው ተማጽነው አስፈቱዋቸው። ወሬውን ሰምቼ ተደብቄ ወረድኩ። ገርፈዋቸው አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያ እግር አልዳነም። አቅፌአቸው ሳለቅስ፣ «አስካለ፣ እስር ቤቱ ውስጥ አንዲት ሶማሊ ሴት ነበረች» አሉኝ።

«እሺ።»

«እነሱ ዘንድ ሴት ግጥም ገጥማ ወንዱን ታስታርቃለች፣ ታዋጋለች። ምስሮቹ ይህን አያውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ነገረችኝ።»

ያን ቀን ስለ ግርፋቱ ልጠይቃቸው ነበር የመጣሁት። ስለ ሶማሌ ስሰማ ዋልኩ።

ጣሊያን ሲወጣ ተሰማ ከጫካ በሕይወት ተመለሰ። ሐጅያን ሊያመሰግን አብረን ወረድን። ፀጉሩን እንዳጎፈረ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል አስቀመጡት፤ ሻይ ሰጡት።

«ጫካ ሳላችሁ የሚያበላችሁ ማን ነበር?» አሉት።

«ገበሬው ነው፣ እናቴ።»

«ወዶ?»

ተሰማ ጎፈሬውን በእጁ ዳሰሰ። «አንዳንዴ» አለ። ሐጅያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ፣ «ይህቺ ሴት አስፈሪ ናት» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለሳቸው ማር የሚልከው ግን እሱ ነበር።

ልጅ፣ ቤት፣ ሕመም ሲበዛብኝ መመላለሴ እየቀረ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት በወሬ ብቻ ነው የማውቃቸው።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ወንዶቹ ዳስ ሥር ዱዓ ያደርጋሉ። ሷሊሕ አገሩ ሳይመለስ እዚያው ሱቅ ከፍቶ ቀርቷል፤ አርጅቶ አገኘሁት፤ እጄን ይዞ አለቀሰ። ወደ ሴቶቹ አስገቡኝ። በጓዳው በኩል የልጆች ድምፅ ሰማሁ፤ የሚከራከሩ ይመስላሉ። ገባ ብዬ ሳይ ሻሽ ያሰሩ ልጃገረዶች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» ብዬ አንዷን ጎረቤት ጠየቅኳት።

«የሐጅያ ተማሪዎች ናቸው። ቁርአን ቤት ውለው ይመጣሉ፤ እሳቸው ደግሞ የአገሮቹን ታሪክ ይነግሯቸው ነበር። ዛሬም እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ሂዱ ማለት ከበደን።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አስካለ መሆኔን ሲሰሙ ክርክራቸውን ትተው ወደኔ ዞሩ፤ በስም ያውቁኛል። ደረቷ ላይ እጇን ያጣመረች አንዲት ቀጭን ልጅ፣ «እርስዎ ከሁላችን በፊት ተምረዋል ብለውናል። ይንገሩን» አለችኝ።

ነገርኳቸው። የምስሩን መምህር ከልጆቹ ጋር፣ የሰንዓን በር፣ በሽቦ የታጠረውን በረሃ፣ የሶማሊዋን ሴት ግጥም፣ የማውቀውን ሁሉ በሳቸው አነጋገር ለመናገር ሞከርኩ። ስጨርስ የሚጠብቁ ዓይኖች አሁንም እያዩኝ ነበር።

«ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቅም» አልኳቸው።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ቀጭኗ። «ቱርኮች አሉ። ፊደላቸውን በአንድ ጊዜ የቀየሩ። ልጅ የአያቱን ደብዳቤ ማንበብ አቃተው፤ ግን ሴቱ ሁሉ ትምህርት ቤት ገባ።»

«ሁሉ አይደለም!» አለች ጎኗ የተቀመጠችው። «የከተማዎቹ ብቻ ናቸው። ሐጅያ እንደዛ አላሉም።»

«ብለዋል።»

«አላሉም።»

ቀጭኗ ወደኔ ዞር ብላ ሰሌኑን በእጇ አስተካከለችልኝ። «ጠጋ ይበሉ፣ እማማ» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ልንገርዎ።»